ጉም የያዘው ባይኖኩላር

በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ብርዱ ይጠናል፤ ሲነጋ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮ የሚከታተል ስካውት፣ ጭላዳ የሚቆጥር ተመራማሪ፣ ከደሴ ወደ ጦሳ ወጥቶ አዕዋፍ የሚያይ ወጣት ሥራቸውን የሚጀምሩት በዚህ ሰዓት ነው። ባይኖኩላሩን ወደ ዓይን ሲያስጠጉት ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ይሆናል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ብርቅ እንስሳ ለሚጠብቅ ሰው፣ መስታወቱ የጠራ መሆኑ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ባይኖኩላር ሁለት ቴሌስኮፖች ጎን ለጎን የተያያዙበት መሣሪያ ነው። የፊቱ ሌንስ ብርሃን ይሰበስባል፣ በመሃል ያሉት ፕሪዝሞች የተገለበጠውን ምስል ያቀናሉ፣ በዓይን በኩል ያለው ሌንስ ያጎላል። 8×42 ተብሎ ከተጻፈበት 8 ጊዜ አቅርቦ ያሳያል፤ የፊቱ ሌንስ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው የማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አንድ ቱቦ ብቻ ሆኖ፣ ምስሉን የሚያቀናው በፕሪዝም ፈንታ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሌንስ ነው። ሁለቱንም ጉም የሚይዛቸው በአንድ ምክንያት ስለሆነ መፍትሔውም አንድ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያማርረው ብርዱን ነው፤ ውሃው የሚመጣው ግን ከሞቃቱ አየር ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስከ 17 ግራም የሚደርስ የውሃ ተን ይይዛል፤ በ0 ዲግሪ የሚይዘው 5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞቃት አየር ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ይቀዘቅዝና መያዝ ያቃተውን ውሃ እዚያው ላይ ይጥለዋል፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ላብ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ደሴ ላይ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አድሮ 6 ዲግሪ ላይ የደረሰ ባይኖኩላር፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ 20 ዲግሪ የሞቀና ከሚችለው እርጥበት 60 በመቶውን የያዘ አየር ቢያገኘው፣ መስታወቱ 12 ዲግሪ አልፎ እስኪሞቅ ድረስ ማላቡ አይቀርም።

እዚያው ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ምንጭ አለ፤ የራሳችን እስትንፋስ። ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣው አየር ሞቃትና እርጥበት የጠገበ ስለሆነ በዓይን በኩል ያለውን ሌንስ ወዲያው ያጨልመዋል። ደመና በሌለበት ሌሊት ደጅ ያደረ መስታወትም ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በሣሩ ላይ የወረደው ጤዛ በእሱም ላይ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ የውጭ ጉም ነው። የሚያሰጋው የውስጡ ነው። በደንብ ያልታሸገ ባይኖኩላር ከፍታ በተቀየረ ቁጥር አየር ያስወጣል፣ ያስገባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። በዚህ ልዩነት ብቻ የአየሩ ግፊት 8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሽቅብ ሲወጣ ከውስጡ አየር ይወጣል፤ ቁልቁል ሲወርድ የቆላው እርጥብ አየር ገብቶ ይተካዋል። በማግስቱ ደጋ ሲመለስ ያ እርጥበት በሌንሶቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጤዛል።

ለዚህ መድኃኒት የሆነው ደረቅ ጋዝ ነው። የአሜሪካው ሉፖልድ ኩባንያ በ1947 እ.ኤ.አ. በናይትሮጅን የተሞላ የጠመንጃ ቴሌስኮፕ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ጥሩ ባይኖኩላሮችም መጋጠሚያቸው ኦሪንግ በሚባል የጎማ ቀለበት ታሽጎ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ይሞላሉ። ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ውሃ የሌለበት ደረቅ ጋዝ በመሆኑ ነው። ሻጩ «ውሃ አያስገባም» ቢል አይበቃም፤ በጋዝ የተሞላ መሆኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

የውጩን ጉም በልማድ መከላከል ይቻላል። ደጅ እስካሉ ድረስ ባይኖኩላሩ በጋቢ ወይም በካፖርት ሥር አይያዝ፤ ከላይ ይንጠልጠል፣ ከአየሩ ጋር እኩል ይብረድ። ሲያዩበት ትንፋሽዎን ወደ ታች ይልቀቁ። ቡና የሚፈላበት ሞቃት ቤት ከመግባትዎ በፊት ቀዳዳ በሌለው ፌስታል ውስጥ ከተው አፉን አጥብቀው ይሰሩት፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ክፍሉን እስኪለምድ አንድ ሰዓት ያህል ይታገሡት። ሌንሱ ቢያልብም በጋቢ ጫፍ አይጥረጉት፤ በክሩ ውስጥ የተያዘው አቧራ የሌንሱን ስስ ሽፋን ይጭራል። መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ በንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ቀስ ብለው ያብሱ።

ሲታበስ የሚለቅ ከሆነ ጉሙ ከውጭ ነው። ሌንሱ ከሁለቱም ወገን ታብሶ፣ ደርቆም፣ ጭጋጉ አልለቅ ካለ ከውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ማሸጊያውንና ማጣበቂያውን ያበላሻል፤ በቤት መፍታትም ፕሪዝሞቹን ከመስመር ያስወጣል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች አጠራቅሞ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ከባይኖኩላሩ ጋር ለቀናት መዝጋት ግን ይረዳል። በጋዝ የተሞላ ከነበረ ማሸጊያው ስለተበላሸ ባለሙያ ጋ መሄድ አለበት። እርጥበቱ በውስጡ ከሰነበተ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው መስታወቱን ከቦረቦረው ጠባሳው አይነሳም።

ስለዚህ ለፓርክ ስካውቶች ባይኖኩላር የምትገዙም ሆነ የምትለግሱ፣ ከማጉያ ቁጥሩ በፊት እሽጉን ተመልከቱ። ለደጋ ሥራ የታሸገና በደረቅ ጋዝ የተሞላ 8 ጊዜ የሚያቀርብ ባይኖኩላር፣ ካልታሸገ 20 ጊዜ የሚያቀርብ ይበልጣል።