ከሻንጣ የወጣው ቀራጺ

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንድ የዋንዛ ሳንቃ ከፊታችን ተቀምጦ ነበር። ርዝመቱ 28፣ ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ዙሪያው በሐረግ ያጌጠ፣ ወለሉ የለሰለሰ፣ ፊደሎቹም ጎላ ብለው የወጡ ውብ ሥራ ነው። ነገር ግን ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ ሊሰቀልም አይችልም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ስለ ሠራው መሣሪያ ጥቂት እንበል።

መሣሪያው ተፈታቶ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ የመጣ ሲሆን፣ የገዛው የወንድማችን ልጅ ነው። ገንዘቡ ግን የእናቱ የእቁብ ዕጣ ነበር። ባለሙያዎች «3018» ይሉታል፤ መሥሪያ ቦታው 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ነውና። ዋጋው 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም የዚህን መሣሪያ አያቶች ታሪክ ለሰማ ሰው ዋጋው ከመደነቅ አያልፍም አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ጆን ፓርሰንስ የተባለ የሚሽጋን ባለ ፋብሪካ የሄሊኮፕተር ክንፍ ይሠራ ነበር። የክንፉን ጎባጣ ቅርጽ በእጅ ከመከተል ይልቅ በቁጥር በተሰሉ ነጥቦች ማስቆረጥ እንደሚቻል አሰበ። የአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘቡን ሰጠ፤ ኤም አይ ቲ በመባል የሚታወቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም በ1952 በተበሳ ወረቀት ትእዛዝ የሚሠራ የብረት መቁረጫ ማሽን ለሕዝብ አሳየ። መቆጣጠሪያው ብቻውን እንደ ትልቅ ቁም ሣጥን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከቤት ይገባል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እንጨት ለሚወዱ የቤት ሠራተኞች ተብሎ የተዘጋጀው «ካርቭራይት» በ2006 እና በ2007 ግድም በአሜሪካ መደብሮች ሲቀርብ ዋጋው ከ2 ሺህ ዶላር ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋጋውን እንዲህ ያወረደው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «የቻይና ፋብሪካዎች» ይላል። እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት። በ2009 ሲመን ስቫለ ስኮግሴት የተባለ ኖርዌያዊ «ግርብል» የሚባለውን የማሽን ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ጽፎ ለፈለገው ሁሉ በነጻ ለቀቀው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ከመዳፍ በምታንስ፣ አርዱዊኖ በምትባል ርካሽ ሰሌዳ ላይ ነው። በ2011 ደግሞ ኤድዋርድ ፎርድ የተባለ አሜሪካዊ «ሼፕኦኮ» ብሎ የሰየመውን ማሽን ንድፉን ሳይደብቅ አወጣ። ፋብሪካዎቹ የደረሱት ተሠርቶ በተሰጠ እውቀት ላይ ነው። እኛ አንዲት የምግብ አሠራር እንኳ ለጎረቤት የምንሰስት ሰዎች ይህን ስንሰማ ጥቂት ማፈራችን አልቀረም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሦስት ሞተሮች ቡሎን መሰል ሦስት ዘንጎችን ያዞራሉ፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች። ሞተሩ አንዴ ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ በዚያ አንድ ዙር ዘንጉ 4 ሚሊ ሜትር ይገፋል። ስለዚህ አንዷ እርምጃ የሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ ናት፤ ከጠጉር ትቀጥናለች። በኮምፒዩተር የተሣለው ንድፍ «ጂ ኮድ» ወደሚባል የቁጥር ዝርዝር ይለወጣል፤ ማሽኑም መስመር በመስመር እያነበበ ፑንታዋን ይነዳል። ያነበበውን ግን አያውቅም።

ፍጥነት የሚጠብቅ ሰው ይታገሥ። 24 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንድፍ ፑንታዋ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ እየተመላለሰች ብትሠራው 600 ጊዜ ትመላለሳለች ማለት ነው፤ መንገዱ 144 ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 60 ሴንቲ ሜትር ብትሄድ 4 ሰዓት ትፈጃለች። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳል። ስለዚህ መነሻ ነጥቡን ተመልሶ በሚገኝ የሳንቃው ማዕዘን ላይ ማድረግ የመጀመሪያው ብልሃት ነው። ዋንዛ ይታዘዛል፤ ወይራ ግን ትንሿን ሞተር ያስጨንቃታልና በስሱ፣ ደጋግሞ መላጥ ነው። ቺፑድ ይፈረፈራልና ለቅርጽ አይሆንም።

አሁን ወደ ሳንቃው እንመለስ። ጎረቤት ለኒካሕ ስጦታ የሚሆን «ቢስሚላህ» አዝዘው ቀብድ ከፍለዋል። ልጁ ጽሑፉን በአረብኛ በንድፍ ፕሮግራሙ ላይ ጻፈ፤ ማሽኑ ከዙህር እስከ መግሪብ ሲያንጎራጉር ዋለ። እናቱ በየመካከሉ እየመጡ «አለቀ ወይ?» ይሉ ነበር። ካለቀ በኋላ ሁላችንም አደነቅን፤ እኛም ጭምር ሳናነብ አደነቅን። በማግስቱ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሸኽ ሊጠይቁን መጥተው ሳንቃውን አነሡት።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ምን ይላል?»

«ቢስሚላህ ነው፣ ሸኽ።»

«አይደለም የኔ ልጅ። ባው ለብቻው፣ ሲኑ ለብቻው ቆሟል። ደግሞም ከግራ ነው የጀመረው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ቀብዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። አንዳንድ የንድፍ ፕሮግራሞች የአረብኛ ፊደል ከቀኝ እንደሚጀምርና እርስ በርሱ እንደሚያያዝ አያውቁም፤ ፊደሎቹን ነጣጥለው፣ ቅደም ተከተሉንም ገልብጠው ያስቀምጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አረብኛን በደንብ በሚጽፍ፣ ለምሳሌ «ኢንክስኬፕ» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጽፎ፣ ጽሑፉ ወደ መስመር ሥዕል እንዲለወጥ ማድረግ፤ ከዚያም እንጨት ከመንካት በፊት በወረቀት አትሞ ለሚያነብ ሰው ማሳየት ነው። ይህች ወረቀት ዋጋዋ ስንት ነው? ዋንዛውን ግን መልሰን አናበቅለውም።

ወላጆች «ልጃችን ግዙልኝ እያለ ነው፤ እንግዛለት?» ብለው ለሚጠይቁን የምንለው ይህ ነው። ልጁ መሮ ይዞ፣ ሳንቃ ልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ የማያውቅ ከሆነ ለጊዜው አይገዛለት፤ በመጀመሪያ አንድ ክረምት አናጢ ዘንድ ይዋል። እንጨት ወዴት እንደሚሰነጠቅ ያላወቀ ሰው ማሽኑን የት እንደሚያዝዘው አያውቅም። የሚያውቅ ከሆነ ግን ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተጋርቶ ቢገዛ መልካም ነው። በርና አልጋ ግን በዚህ አይሠራም፤ ለዚያ ትልልቅ ማሽን ያላቸው እንጨት ቤቶች አሉ።

አንድ ነገር ግን አናቃልል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ኤምዲኤፍ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ሙጫ ይዟል። ስለዚህ ማሽኑ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል አይቀመጥ፤ በሣጥን ይከደን፤ ጭምብልና የዐይን መነጽር ይደረግ። እኅቶቻችንም የሻሻቸውን ጫፍ ከፑንታው ያርቁ፤ ትንሽ መስላ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የምትሽከረከር ነገር ናት።

ሁለተኛው ሳንቃ ከሳምንት በኋላ ተሠራ። ሸኹ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብበው፣ አንዲት ነጥብ አስተካክለው ነበር። ታናሽ እኅቱ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሰው አመሸች፤ ያዘዙትም ሰዎች የቀረውን ከፍለው ወሰዱት። ከእናቱ የእቁብ ገንዘብ እስካሁን የተመለሰው ሲሶው ነው። የመጀመሪያው ሳንቃ ግን እዚሁ ጠረጴዛችን ላይ አለ፤ ልጁ አትጣሉት ብሎናል።