ጂን የሚያድነው ቁስልና የመተማ ቆላ ቁስል

«የማይሽር ቁስል አበቃለት፤ ጂን ያለበት ቅባት ተገኘ።» ይህ ወሬ በየጊዜው ርዕሱን እየቀያየረ ከስልክ ስልክ ይዞራል። ገንደ ውሃ ይደርሳል፣ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ እግሩ ላይ ያለው ቁስል ወር አልፎት አልጠግግ ያለው የሰሊጥ እርሻ ሠራተኛም ጆሮ ይገባል። ወሬው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም፣ መድኃኒቱ አለ። ግን ለዚያ ሠራተኛ ቁስል አልተሠራም፤ ነገ በነፃ ቢታደለውም አይጠቅመውም። ርዕስ ጸሐፊዎቹ ያለፉት ይህን ነው፤ ማለፋቸውም ሰው እግሩን እንዲያጣ ያደርጋል።

መድኃኒቱ ቪዩቬክ ይባላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሆን፣ የታሰበውም ዲስትሮፊክ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ለሚባል በዘር ለሚተላለፍ ብርቅ በሽታ ነው። የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር ሰፍቶ የሚይዘው ኮላጅን ሰባት የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ተበላሽቶ የተወለደ ሕፃን፣ ልብስ ሲያሻሸው እንኳ ቆዳው ይገሸለጣል። ቪዩቬክ ጤነኛውን ጂን የሚያደርሰው በቫይረስ ጭኖ ነው። ቫይረሱ እንግዳ አይደለም፤ ሰው «ምች መታኝ» ሲል ከንፈሩ ላይ ውኃ የሚቋጥረው ያው ሄርፒስ ነው፤ የሚራባባቸው ጂኖች ስለወጡለት ግን አይባዛም። ነርሷ ጄሉን በሳምንት አንድ ጊዜ ቁስሉ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገች፣ በጠብታና በጠብታ መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እየተወች ታዳርሰውና በፋሻ ትሸፍነዋለች። አዲሱ ጂን ከሴሉ ክሮሞሶም ጋር አይሰፋም፤ ቆዳ ደግሞ ሲረግፍ ሲተካ ይኖራል። ስለዚህ በየሳምንቱ መደገም አለበት።

በ31 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት ቁስሎች 67 በመቶው ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ፣ ባዶ ጄል ከተቀቡት የተዘጉት 22 በመቶው ናቸው። ትልቅ ውጤት ነው። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ቦኹም ውስጥ፣ በሌላ ዓይነት ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ አብዛኛውን ቆዳውን ያጣ የ7 ዓመት ሶርያዊ ልጅ በላቦራቶሪ ጂኑ ታርሞ በበቀለ በራሱ ቆዳ 80 በመቶ የሚሆነው ሰውነቱ ተሸፍኖለት ተርፏል። በእነዚህ ሕሙማን ላይ የጂን ሕክምና የሚሠራበት ምክንያት አንድ ነው፤ የጎደለው ነገር አንድ ጂን ነው፣ የሚሰጣቸውም እሱኑ ነው።

በስኳር ሕመም በደነዘዘ እግር ላይ ለወጣ ቁስል ግን እንዲህ ተነጥሎ የጎደለ ጂን የለም። ታዲያ ለምን አይሽርም?

ጤነኛ ቁስል ደሙ ይረጋል፣ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ባክቴሪያውንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ፣ ከዚያ አዲስ ቆዳ ይበቅላል። ስለ ጤነኛው ይህ ይበቃል። የማይሽረው ቁስል ተቸክሎ የሚቀረው ጽዳቱ ላይ ነው። ነጭ የደም ሴሎቹ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ፣ ባጭሩ ኤም ኤም ፒ የሚባሉ ኤንዛይሞች ያመነጫሉ፤ ሥራቸው ኮላጅንንና መሰሎቹን መቆራረጥ ነው። በልካቸው ሲሆኑ ያለ እነሱ መዳን የለም፤ አዲስ የቆዳ ሴል ከቁስሉ ጠርዝ ወደ መሀል የሚዘልቀው እነሱ በሚከፍቱለት መንገድ ነው። ሥር በሰደደ ቁስል ውስጥ ግን ኤንዛይሞቹ ይበዛሉ፣ ልጓም የሚሆኗቸው ፕሮቲኖች ያንሳሉ። አረሙን ጨርሶ «በቃ» የሚለው ያጣ አራሚ ወደ ሰሊጡ እንደ መዞር ነው። የተዘረጋው ኮላጅን ሳይጠና ይቆረጣል። ቁርጥራጩ ራሱ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል፣ የመጡት ደግሞ ሌላ ኤንዛይም ይጨምራሉ። ሴሎችን «እደጉ» የሚሏቸው የእድገት ፕሮቲኖችም በዚያው ይበላሉ። ጠርዙ ላይ ያሉት ሴሎች አርጅተዋል፤ መልእክቱ ቢደርሳቸው እንኳ አይሰሙም። በላዩ ላይ ባክቴሪያው እንደ ሙጫ ባለ ሽፋን ተጠቅልሎ ቁስሉ እንዲያመረቅዝ ያደርጋል።

የጂን ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። የእድገት ፕሮቲን ቢቀባ ኤንዛይሙ ይበላዋል፤ ሴሉ ራሱ ሳያቋርጥ እንዲሠራው ጂኑን መስጠት፣ ወይም ኤንዛይሙን የሚያዘውን ጂን ዝም ማሰኘት ይሻላል የሚል ነው። ሁለተኛው በተለይ ያጓጓል፤ ኤም ኤም ፒ 9 የተባለውን ለይቶ የሚያፍን አጭር አር ኤን ኤ በፋሻ ላይ ተለብጦ ስኳር ባለባቸው አይጦች ቁስል ላይ ሲደረግ መዳኑን አፋጥኗል። አይጥ ግን ቆዳዋ በአብዛኛው ተሰብስቦ ነው የሚዘጋው፤ የሰው ቆዳ መብቀል አለበት። ብዙ ተስፋ በዚህ ልዩነት ላይ ወድቋል።

ሰው ላይ የተሞከረው ያወዛግባል። የሰው ጂን እርሾ ውስጥ ገብቶ የሚመረተው ሬግራኔክስ የተባለ ጄል አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ሕመም የእግር ቁስል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዋናው ጥናት በ20 ሳምንት 50 በመቶውን ሲያድን ባዶው ጄል 35 በመቶውን አድኗል። በ2008 ከካንሰር ሞት ጋር በተያያዘ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት፤ በ2018 ተነሣለት። ጃፓን ደግሞ በ2019 እግር ጡንቻ ውስጥ የሚወጋ ኮላቴጂን የተባለ የጂን መድኃኒት፣ የደም ሥር በመጥበቡ ለሚመጣ ቁስል በጊዜያዊነት ፈቀደች። በኋላ የተደረገው ጥናት የመጀመሪያውን ውጤት ሊደግመው አልቻለም፤ ኩባንያውም በ2024 የሙሉ ፈቃድ ማመልከቻውን ሳበ። ሜዳው ሞቷል ማለት አይደለም። ግን «ተገኘ» ለሚል ርዕስ አይበቃም።

ወደ መተማ ቆላ እንመለስ። ቋራን፣ ምዕራብ አርማጭሆንና መተማን ይዞ እስከ ሱዳን ወሰን በሚዘልቀው በዚህ አገር በክረምትና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ይወርዳል። «ቁስል» የሚለው አንድ ቃል እዚህ ብዙ ነገር ይሸፍናል። እፉኝት የነደፈው እግር ሥጋው ይሞታል፤ በመርዙ ውስጥ ያሉት ሜታሎፕሮቲኔዞች ደግሞ ከላይ የተነገረላቸው ኤንዛይሞች የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ከደጋ የመጣው ሰው ፊቱ ላይ ያለው ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚያመጣው በሽኮኮ ገላ የሚኖርና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ሕዋስ ነው። የቆላው ካላ አዛር የዚህ ሕዋስ ዘመድ ቢያመጣውም ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ እብጠት ነው እንጂ ቁስል አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። እንዲህ ያለውን ቁስል በሰው ጂን ለማከም መሞከር ጠላቱን ትቶ ቤቱን መጠገን ይሆናል።

የስኳር ሕመምስ? የሀብታም በሽታ ነው የሚለውን ከጎንደር ገጠር የወጣው መረጃ ቀደም ብሎ አፍርሶታል። የጎንደር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን አብዛኞቹ ድሆች፣ ቀጫጮችና ወንዶች እንደነበሩ አሳይተው ምግብ እጥረት የሚያመጣው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይከፈት ብለው ነበር። የዓለም የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» ሲል ተቀብሎታል፤ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ ላይ ግን ሐኪሞች አሁንም አልተስማሙም።

ስኳሩ ነርቭ ሲጎዳ እግር መሰማት ያቆማል። በኮንጎ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ብትወጋ አትታወቅም። ሥጋ ደዌም እግር የሚያጠፋው በዚሁ መንገድ መሆኑን ሕንድ ውስጥ የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ አሳይቷል፤ ሥጋው በራሱ አይበሰብስም፣ ሳይታወቅ ይረገጥበታል። ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ የተቋቋመው አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ሲመሠረት ከነበሩት አንዱ ነው። መፍትሔውም ከሥጋ ደዌ ሕክምና የመጣ ነው፤ እግሩን በጀሶ አልብሶ ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ማንሣት። በ2001 የታተመ አሜሪካዊ ጥናት ላይ በዚህ ጀሶ በ12 ሳምንት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ቁስል ዳነ። ከሬግራኔክስ ጥናት ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይገባም፤ ሕሙማኑ የተለያዩ ናቸው፤ ጀሶም ላመረቀዘ ወይም ደም ለማይደርሰው እግር አይሆንም። ቢሆንም ልዩነቱ ዓይን ይገባል።

ዋጋውም ሊነገር ይገባል። ቪዩቬክ ገበያ ሲወጣ አንዱ ብልቃጥ 24 ሺህ ዶላር ያህል ነበር፤ የሚቀመጠውም ከዜሮ በታች ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። መተማ በበጋው ማብቂያ 40 ዲግሪ ያልፋል።

በአንጻሩ የእግርን መደንዘዝ የሚለየው መሣሪያ ቀጭን የናይለን ክር ነው። ጤና ባለሙያው ጫፉን ውስጥ እግር ላይ ያሳርፍና እስኪጎብጥ ይጫነዋል፤ ጫናው 10 ግራም ነው። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ «ተሰማኝ» ካላለ እግሩ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ አራት ሳምንት ያለፈው ቁስል ያለበት ሰው ስለ ጂን ቅባት ከመጠየቁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኳሩን ያስለካ፣ ውስጥ እግሩን በዚያ ክር ያስመርምር፣ ቁስሉ ቁንጭር መሆን አለመሆኑንም ያስለይ።