ጅብ ከሄደ እንዳይሆን፦ የቤት ግብር ይግባኝ በሜሪላንድ

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በተለይም በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው፣ ቤት ገዝተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ቀላል አይደለም። ታክሲ ነድቶም ሆነ ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ ከባንክ ዕዳው ጎን ለጎን በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፍላል። ብዙዎች ግን ግብሩን በእጃቸው ቆጥረው ስለማይሰጡ መጠኑን ልብ አይሉትም። ባንኩ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር አብሮ ሰብስቦ ይከፍልላቸዋልና። ጭማሪው የሚሰማቸው ወርሃዊው ክፍያ ከፍ ሲል ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አቤት የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ግብሩ የሚሰላው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የቤቱ ዋጋ ግምት ሲሆን ሁለተኛው የግብር ምጣኔው ነው። ምጣኔውን ስቴቱ፣ ካውንቲውና ከተማው በየበኩላቸው ይወስናሉ። በእሱ ላይ አንድ ባለ ቤት ይግባኝ ሊል አይችልም። ግምቱን የሚያወጣው ግን የስቴቱ የግምትና የግብር መምሪያ ነው፤ ይግባኝ የሚባለውም በዚሁ ግምት ላይ ብቻ ነው።

መምሪያው በስቴቱ ያሉትን ንብረቶች በሦስት ምድብ ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ምድብ ይገምታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ግምት ይወጣለታል። ማስታወቂያው በፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ ገደማ በፖስታ ይላካል። ባለ ቤቱ ቅር ካለው በማስታወቂያው ላይ ከሰፈረው ቀን አንሥቶ በ45 ቀናት ውስጥ ይግባኙን ማቅረብ አለበት። ይህም ማለት በሩ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ገደማ ይዘጋል። የግብር ሂሳቡ የሚመጣው ደግሞ በጁላይ ነው። ሂሳቡን አይቶ የሚደነግጥ ሰው አምስት ወር ያህል ዘግይቷል።

መዘግየቱ ምን ያህል ያስከፍላል? በምሳሌ እንየው። ቀድሞ 450 ሺህ ዶላር የተገመተ ቤት አሁን 540 ሺህ ዶላር ተገመተ እንበል። ጭማሪው 90 ሺህ ነው፤ በሕጉ መሠረት በሦስት ዓመት እኩል ስለሚከፋፈል ግምቱ 480፣ 510፣ 540 ሺህ እያለ ያድጋል። ባለ ቤቱ ይግባኝ ብሎ ግምቱን ወደ 510 ሺህ ቢያስወርድ ግን እድገቱ 470፣ 490፣ 510 ሺህ ይሆናል። ልዩነቱ በሦስቱ ዓመታት ተደምሮ 60 ሺህ ዶላር ግምት ነው። ለስሌት ያህል ከ100 ዶላር 1 ዶላር ግብር ቢታሰብ 600 ዶላር በኪሱ ይቀራል። የይግባኙ ክፍያ ግን ምንም ነው።

ምን ያሸንፋል?

ብዙ ሰው ይግባኙን የሚያበላሸው በክርክሩ ነው። «ግብሩ በዛብኝ»፣ «በአንድ ጊዜ ይህን ያህል በመቶ እንዴት ይጨመራል?»፣ «መንገዱ ሳይጠገን ለምን እከፍላለሁ?» የሚሉት አቤቱታዎች እውነት ቢሆኑም ዋጋ የላቸውም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ቤቱ በጃንዋሪ 1 ቀን ገበያ ላይ ቢቀርብ ስንት ያወጣ ነበር?

ለዚህ መልሱ ማስረጃ ነው። በቅድሚያ መምሪያው ግምቱን ያሰላበትን ወረቀት ጠይቆ መመርመር ያስፈልጋል። ገማቾች የቤቱን ውስጥ ሳያዩ ስለሚገምቱ ስሕተት አይጠፋም። የወለሉ ስፋት በልጦ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቁጥር ጨምሮ፣ ወይም ያልተጠናቀቀው ምድር ቤት እንደ ተጠናቀቀ ተቆጥሮ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ በዚያው ሰፈር፣ በስፋትና በዕድሜ የሚመሳሰሉ ቤቶች ከዚያ ቀን በፊት የተሸጡበትን ዋጋ ማቅረብ ነው። ጣራው የሚያፈስ፣ መሠረቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ፎቶግራፍና የጠጋኝ የዋጋ ግምት ይያያዛል። ለኪራይ የሚውል የንግድ ሕንፃ ሲሆን የኪራይ ገቢውና ወጪውም ይታያል።

ይግባኙ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በመምሪያው ገማች ፊት ሲሆን በጽሑፍ፣ በስልክ ወይም በአካል ይደረጋል። በውሳኔው ያልረካ በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ካውንቲው የንብረት ግብር ግምት ይግባኝ ቦርድ ይሄዳል። ከዚያም በሌላ 30 ቀናት ወደ ሜሪላንድ የታክስ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ይህ ተቋም ስሙ ፍርድ ቤት ቢሆንም የአስተዳደር አካል ነው። ጉዳዩ እስኪወሰን ግብሩን መክፈል ግዴታ ነው፤ የተረታው መምሪያው ከሆነ በትርፍ የተከፈለው ይመለሳል።

ቤት ገዝቶ ለሚያከራይ ሁለት ነገር መጨመር ይገባል። አንደኛ፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ ከጁላይ 1 በፊት የገዛ ሰው ንብረቱ ከተላለፈለት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ የማለት መብት አለው። ሁለተኛ፣ ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር የሚከለክለው ቅናሽ የሚሰጠው ባለ ቤቱ ራሱ ለሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ማመልከቻ ይፈልጋል። ቤቱ ሲሸጥ ገዥው ይህን ቅናሽ አይወርስም። ስለዚህ ሻጭ የሚከፍለውን ግብር አይቶ ቤት የሚገዛ ሰው በስሌቱ ይሳሳታል።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ነጋዴና ደላላም ሩቅ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ጣራና ግድግዳ እየተባለ ሲከፈል የኖረው ግብር በዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ የተመሠረተ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ግብር በንብረት ግምት ላይ ሲቆም፣ የቤቱን ትክክለኛ ስፋት የሚያሳይ ካርታ፣ የግንባታ ሰነድ፣ የሽያጭ ውልና የጉዳት ፎቶግራፍ እንደ ገንዘብ የሚቆጠሩ ይሆናሉ። የሜሪላንድ ባለ ቤቶች ልምድ የሚያሳየውም ይኸንኑ ነው፤ ገማቹን የሚያሳምነው የሰነድ ክምችትና የቀን ቆጠራ እንጂ እሮሮ አይደለም።