ኮሜዲ ፊልም እንዴት ያስቃል?

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ የሚያስቅ ፊልም ሲከፈት ሪሞቱን ቀማ አድርጉና ድምፁን አጥፉት። ልጆቹ ይጮኹባችኋል፤ አምስት ደቂቃ ብቻ ብላችሁ ለምኗቸው።

ከዚያ ፊታችሁን ወደ ቤተሰቡ አዙሩ። ፊልሙ በወሬ ብቻ የሚያስቅ ከሆነ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ሚስተር ቢን ከሆነ ግን ሳቁ ይቀጥላል፤ ድምፁ መጥፋቱንም የሚያስታውስ የለም። ሰውየው ድሮም ብዙ አይናገርም፤ እንግሊዝኛ በማይሰማበት ቤት ሁሉ ዘመድ የሆነውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ሳቁ ከየት ይመጣል? ወደ መጀመሪያው እንመለስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሉሚዬር ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ካሳዩዋቸው አጫጭር ፊልሞች አንዱ የአትክልተኛው ፊልም ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

አትክልተኛው በጎማ ውኃ ያጠጣል። አንድ ልጅ ከኋላው ቀስ ብሎ ይመጣና ጎማውን ይረግጣል። ውኃው ቀጥ ይላል። አትክልተኛው ምን ነካው ብሎ የጎማውን አፍ ወደ ፊቱ አዙሮ አጎንብሶ ያያል። ልጁ እግሩን ያነሳል።

ቀጥሎ የሆነውን መንገር አያስፈልገኝም፤ ሳልነግራችሁ አይታችሁታል። ዘዴው ያለው እዚሁ ላይ ነው። እናንተ የልጁን እግር አይታችኋል፣ አትክልተኛው አላየም። ውኃው ገና ሳይረጭ ከንፈራችሁ መሸሽ ይጀምራል።

ፊልሙ በስልካችሁ በቀላሉ ይገኛል። አንዴ እንዳለ እዩት። ሁለተኛ ስታዩት ልጁ ያለበትን በኩል በወረቀት ሸፍኑት። አሁን የሚታየው ጎማው የተበላሸበት ምስኪን ሠራተኛ ብቻ ነው። ውኃው ያው ውኃ፣ ፊቱም ያው ፊት፣ ሳቁ ግን የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል አትክልተኛው ይይዘውና ጎትቶ ወደ ካሜራው ፊት ይመልሰዋል፤ የሚመታውም እዚያ ነው። ያኔ ካሜራው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም፤ ቅጣቱ ዳር ላይ ቢፈጸም ተመልካቹ ሳያየው ይቀር ነበር። እውነተኛ ንዴት ቢሆን ሰው ካሜራ አይፈልግም! ከ130 ዓመት በፊት የነበረ አትክልተኛ ተመልካቹን እያሰበ ተቆጣ ማለት ነው።

እናንተ የምታውቁትን ሌላው የማያውቅበትን ዘዴ በገዛ ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ቡና ሲቀርብ ስኳር ማስቀመጫው ውስጥ ጨው ጨምሩ፤ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም ይወቅ። ቂም የማይዝ ሰው ምረጡ፣ አማታችሁ ይቅሩባችሁ። (ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት ሙከራው አይሠራም።)

ሰውየው የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲጨምር ከንፈር ይነከሳል። ሁለተኛውን ሲደግም አንዷ ወደ ጓዳ ትሮጣለች። ሦስተኛውን አድርጎ ማማሰል ሲጀምር ሰው ሁሉ አልቋል፤ ቡናው ግን ገና አልተቀመሰም። ሌላ ቀን ለማንም ሳትነግሩ ብታደርጉት የምታገኙት አንድ የተኮማተረ ፊትና አንድ ቁጣ ነው።

አሁን ይኸው ዘዴ በትልቁ ሲሠራ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1928 ኮሜዲያኑ በስተር ኪተን «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» የሚባል ፊልም ሠራ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳክራሜንቶ ላይ የተቀረጸ ነው። ከተማውን አውሎ ነፋስ ይመታል፤ ኪተን ለአንድ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል። የቤቱ የፊት ግድግዳ እንዳለ ይገነጠልና ወደ እሱ ይወድቃል።

ሰውየው ንቅንቅ አይልም። ግድግዳው መሬት ሲደርስ ላይኛው ፎቅ ላይ የነበረው ክፍት መስኮት ልክ በእሱ ላይ ያልፋል፤ ኪተን በመስኮቱ ቀዳዳ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

ግድግዳው እውነተኛና ከባድ ነበር። ከትከሻው ወዲህና ወዲያ የተረፈው ክፍተት በጣት የሚለካ ነው። የሚቆምበት ቦታ በምስማር ምልክት ተደርጎበት ነበር፤ ትንሽ ዘንበል ቢል ኖሮ የምናወራው ስለ ኮሜዲ አይሆንም ነበር።

እዚህ ቦታ ላይ ስትደርሱ ፊልሙን አቁሙና ካሜራው የት እንደቆመ እዩ። ሩቅ ነው። ቤቱም ሰውየውም ከራስ እስከ እግር በአንድ ምስል ውስጥ ገብተዋል፣ መሃል ላይም አልተቆረጠም። ካሜራው ፊቱ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ግድግዳው መምጣቱን አናውቅም ነበር። ሰውየውን አንዴ፣ ግድግዳውን አንዴ እየቆራረጡ ቢያሳዩን ደግሞ «ብልጠት ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ሩቁ ካሜራ ለእኛ ሁሉን ይነግረናል፣ ለኪተን ምንም።

የኪተንን ፊትም አትርሱ። ቅጽል ስሙ «ድንጋይ ፊቱ» ነበር። ልጅ ሳለ ከአባትና እናቱ ጋር መድረክ ላይ ይሠራ ነበር፤ የሥራው ዋና ክፍል አባቱ ወዲያና ወዲህ ሲወረውረው መውደቅ ነው። እየሳቀ ሲወድቅ ተመልካቹ እንደማይስቅ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ሲወድቅ ግን አዳራሹ እንደሚፈነዳ ያኔ ገባው። አንድ የምታውቁትን ቀልድ አንዴ እየሳቃችሁ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ኮስተር ብላችሁ አውሩትና ልዩነቱን ፍረዱ። ቻርሊ ቻፕሊንም «ዘ ጎልድ ረሽ» ላይ (1925) ርቦት ጫማ ሲበላ የተጠቀመው ዘዴ ይኸው ነው። ከሊኮሪስ ከረሜላ የተሠራውን ጫማ ግብዣ ላይ እንደተቀመጠ ጨዋ ሰው እያጣጣመ፣ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ እየጠቀለለ ይበላዋል። ቢያለቅስ እናዝንለት ነበር።

እስካሁን ያወራነው «ማን ያውቃል» የሚለውን ነው። «መቼ» የሚለው ደግሞ አለ። እንጀራ የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ፦ ሊጡ ምጣዱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ዓይን እስኪያወጣ ሳይጠበቅ አክንባሎው ቢደፋበት እንጀራው እንጀራ አይሆንም። ቀልድም ከመነገሩ በኋላ ዓይን የሚያወጣበት ጊዜ ይፈልጋል።

የፊልም ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1959 የሠራው «ሰም ላይክ ኢት ሆት» የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2000 ባወጣው የ100 አስቂኝ የአሜሪካ ፊልሞች ዝርዝር አንደኛ የወጣ ነው። ሁለት ሙዚቀኞች ወንበዴዎች ሰው ሲገድሉ ያያሉ፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ የሴት ልብስ ለብሰው የሴቶች ባንድ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ከአንዱ ጋር ይወድቃል፤ በፍቅር ማለቴ ነው።

ጃክ ሌመን የሚጫወተው ሰውዬ፣ ሌሊት ከሽማግሌው ጋር ሲደንስ አድሮ ይመለስና ለጓደኛው መታጨቱን ያበስራል። ዋይልደር እዚህ ላይ ተጨነቀ። እያንዳንዱ መልስ ያስቃል፤ ሲኒማ ቤቱ ሲስቅ የሚቀጥለው መልስ አይሰማም። ዝም ብለው ይጠብቁ ቢባል ደግሞ ፊልሙ የተበላሸ ይመስላል።

መፍትሔው ማራካስ ሆነ፤ ሲነቀነቅ የሚንሿሿው የሙዚቃ መሣሪያ። ሌመን አንድ መልስ ይሰጥና ደስታው ያላለቀለት መስሎ ማራካሱን እያንሿሿ ይደንሳል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መልስ ይሄዳል። ያ መንሿሿት ለእናንተ ሳቅ የተተወ ቦታ ነው። ቦታውን ብቻችሁን ስታዩት ጭፈራው ትንሽ የበዛ ይመስላል። ሰው ሰብስባችሁ እዩት፤ ልክክ ይላል።

ብቻን መሆን ራሱ ሳቅ ይቀንሳል። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎች ሳቃቸውን እንዲመዘግቡ አድርጎ እንዳገኘው፣ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል ይስቃል። የቴሌቪዥን ሰዎች ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በ1950ዎቹ ቻርሊ ዳግላስ የተባለ የድምፅ ባለሙያ የተቀዳ ሳቅ የሚያወጣ ሳጥን ሠራላቸው፤ አዝራሩን ሲጫኑ የሰው ሳቅ ይወጣል። በእኔ እምነት ጎረቤት መጥራት ይሻላል።

ከሁሉም አስቂኝ ፊልም የቱ ነው ብትሉኝ ግን የዋይልደርን አልመርጥም። ድምፄ ለሎረልና ሃርዲ ነው፣ ለቀጭኑና ለወፍራሙ። በ1932 የወጣው «ዘ ሚውዚክ ቦክስ» ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ የዚያ ዓመት የአጭር ኮሜዲ ኦስካርንም ወስዷል። ሁለቱ በሳጥን የታሸገ ፒያኖ ለደንበኛ ያደርሳሉ። ፖስተኛ ይጠይቃሉ፤ ፖስተኛው ቤቱን በጣቱ ያሳያቸዋል። ቤቱ ያለው የረጅም ደረጃ ጫፍ ላይ ነው።

ደረጃውን ባያችሁበት ቅጽበት ፊልሙን ጨርሳችሁታል። ፒያኖው ይወጣል፣ ይንከባለላል። ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይንከባለላል። እያወቃችሁት ትስቃላችሁ፤ እንዲያውም ስለምታውቁት ነው የምትስቁት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ ገልብጡት። ድምፁን መልሱና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሳጥኑ ደረጃውን እየመታ ሲወርድ ውስጡ ያለው ፒያኖ በየምቱ ድው ጭል ይላል። ዓይናችሁን እንደጨፈናችሁ ስንት ደረጃ እንደወረደ፣ ሁለቱ እንዴት ቆመው እንደሚያዩት ታውቃላችሁ። ሳቁ ይመጣል።

ቁንጮው የሚመጣው ግን ፒያኖው በመከራ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ያው ፖስተኛ ብቅ ይልና፣ በዚያ በኩል እኮ መኪና መንገድ አለ፣ ዞራችሁ በጋሪ መምጣት ትችሉ ነበር ይላቸዋል። ሁለቱ ይተያያሉ። ከዚያ ፒያኖውን ያነሱና ደረጃውን ሁሉ ተሸክመው ያወርዱታል፤ ጋሪው ላይ ጭነው በመንገዱ ሊያመጡት!

ደረጃው ዛሬም አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲልቨር ሌክ በሚባለው ሰፈር ቬንዶም መንገድ ላይ ነው፤ 133 እርከን አለው። እዚያው ከተማ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ እሑድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡት። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ግን አትቸገሩ፤ በላይ በኩል መኪና መንገድ አለ።