የሐላል ማኅተም፣ የዓባይ ደብዳቤ እና የሴናተሩ ወርቅ

ስለ አሜሪካ ፖለቲከኞች ክስ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀጥታ ወደ ዶናልድ ትራምፕ ይሄዳል። በሜይ 2024 ኒውዮርክ ውስጥ በ34 ክሶች ጥፋተኛ መባላቸውን፣ በዚያው ዓመት ምርጫ አሸንፈው ወደ ዋይት ሐውስ መመለሳቸውን ያልሰማ የለም። የእርሳቸው ችሎት ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ግን፣ በዚያው በማንሃታን ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሌላ ፖለቲከኛ መከሰስ ጀምረው ነበር። ካሜራው ሁሉ ወደ ትራምፕ ስለዞረ ይህኛውን የተከታተለው ሰው ጥቂት ነው። እኛን ግን ከትራምፕ ጉዳይ ይልቅ የሚመለከተን ይህኛው ነው እንላለን። ምክንያቱም በክሱ ውስጥ ሁለት ለእኛ ቅርብ የሆኑ ነገሮች አሉ፦ የሐላል ሥጋ ማረጋገጫ እና የታላቁ የሕዳሴ ግድብ።

ተከሳሹ ሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማን ናቸው?

ሜኔንዴዝ ከኩባ ከተሰደዱ ቤተሰቦች ኒውዮርክ ውስጥ የተወለዱ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው ናቸው። በኒው ጀርሲ ግዛት የአንዲት ከተማ ከንቲባ ሆኑ፣ ከዚያ የተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ሴናተር። በ2015 ከአንድ የዓይን ሐኪም ጓደኛቸው ስጦታ ተቀብለዋል ተብለው ተከሰው ነበር። ችሎቱ በ2017 ጁሪው መስማማት ስላልቻለ ፈረሰ፤ ዐቃቤ ሕግም በ2018 መጀመሪያ ክሱን አነሳ። ሰውየው ወዲያውኑ በሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ወደነበራቸው የዴሞክራቶች መሪነት ተመለሱ፤ በ2021 ፓርቲያቸው የሴኔቱን አብላጫ ሲይዝ ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑ።

ይህ ወንበር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ካልተረዳን ቀሪው ታሪክ አይገባንም። አሜሪካ ለግብፅ በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወታደራዊ እርዳታ ትሰጣለች። ገንዘቡም ሆነ የጦር መሣሪያ ሽያጩ እንዲሁ አያልፍም። በቆየ ልማድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ትልቅ የመሣሪያ ሽያጭ ከማጽደቁ በፊት በሁለቱም ምክር ቤቶች የሚገኙትን የውጭ ጉዳይ ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎችና በኮሚቴው የሌላውን ፓርቲ መሪዎች ያማክራል። ከእነዚህ አራት ሰዎች አንዱ «ቆይ» ካለ ጉዳዩ ይቆማል። ካይሮ ከአራቱ አንዱን መወዳጀት ለምን እንደምትፈልግ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

መንገዱ የተከፈተው በቤት በኩል ነው። ሴናተሩ በ2018 ናዲን ከምትባል ሴት ጋር ተዋወቁ፤ በ2020 ተጋቡ። ናዲን ደግሞ ዋኤል ሐና የሚባል፣ በኒው ጀርሲ የሚኖር የግብፅ ተወላጅ ነጋዴ የቆየ ወዳጅ ነበራት። ዋኤል ከግብፅ ባለሥልጣናት ጋር ቅርበት ነበረው። በፍርድ ቤት እንደተገለጸው ናዲን አገናኝ ሆነች፤ ሴናተሩም በካይሮ የአሜሪካ ኤምባሲ ስንት ሠራተኛ እንዳለና ዜግነታቸውን የሚገልጽ ለሕዝብ ያልወጣ መረጃ በእርሷ በኩል አሳለፉ። ግብፅ ተይዞባት የነበረው 300 ሚሊዮን ዶላር እንዲለቀቅላት ለሌሎች ሴናተሮች የምትልከውን የልመና ደብዳቤም ራሳቸው አርቅቀው ሰጡ። የአሜሪካ ሴናተር፣ ለውጭ መንግሥት፣ የራሳቸውን ባልደረቦች የሚያሳምን ደብዳቤ!

ማኅተሙ እንዴት ተሸጠ?

አሁን ወደ ሐላሉ ጉዳይ እንምጣ። ረጋ ብለን ልንመለከተው የሚገባው ይህ ክፍል ነው።

ግብፅ ከአሜሪካ የበሬ ጉበት በብዛት የምትገዛ አገር ናት። አሜሪካ ውስጥ የታረደ ከብት ጉበቱ የካይሮ ቤተሰብ ማዕድ ላይ እስኪደርስ ውቅያኖስ ያቋርጣል። የሚበላው ሰው አራጁን አላየም፤ ቢስሚላህ ሲባልም አልሰማም። የሚተማመነው አንድ አካል ቄራው ድረስ ሄዶ፣ አራጁን፣ አስተራረዱንና ማሽኑን ተመልክቶ ሰነዱ ላይ ማኅተም በማድረጉ ነው። ማኅተሙ ማለት በእኛ ቋንቋ ሸሃዳ ነው፤ ምስክርነት። የሚመሰክረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያውቅና ከማን ገንዘብ እንደሚቀበል ማወቅ የሸማቹ መብት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለብዙ ዓመታት ይህን ሥራ በአሜሪካ የሚሠሩ ድርጅቶች ከአንድ በላይ ነበሩ። በ2019 የጸደይ ወራት ግን የግብፅ መንግሥት የነባሮቹን ፈቃድ ሰረዘና ከአሜሪካ ለሚገባው ሥጋ በሙሉ ብቸኛ መስካሪ አድርጎ አንድ ድርጅት ሾመ። አይ ኤስ ኢ ጂ ሐላል ይባላል፤ ባለቤቱ ዋኤል ሐና ነው። እርሱም ሆነ ድርጅቱ በሐላል ማረጋገጥ ሥራ ልምድ አልነበራቸውም።

የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሰዎች ደነገጡ። ውድድር ሲጠፋ ዋጋ እንደሚንር፣ ላኪዎችም ገበያ እንደሚያጡ ለግብፅ አሳስበው ውሳኔዋን እንድታጤነው ጠየቁ። ይሄኔ ሴናተሩ ስልክ አነሱ። ለሚኒስቴሩ ከፍተኛ ባለሥልጣን ደውለው የዋኤልን ድርጅት መቃወም እንዲያቆም ነገሩት። ባለሥልጣኑ ቃሉን የሰጠው በችሎቱ ላይ ቀርቦ ነው። የሚኒስቴሩ ሰዎች አቋማቸውን ባይቀይሩም ግብፅ ውሳኔዋን አጸናች፤ ድርጅቱም ብቻውን ቀረ።

ገንዘቡ ከዚህ በኋላ መፍሰስ ጀመረ። ናዲን የቤት ብድሯን መክፈል አቅቷት ቤቷ ሊወሰድ ነበር፤ የዋኤል የሐላል ድርጅት ወደ 23,000 ዶላር ከፍሎ አዳነላት። ከዚያም በምክር አገልግሎት ስም ቼኮች ተጻፉላት፤ የረባ ሥራ ግን አልነበረም። እስቲ አስቡት፦ በካይሮ አንዲት እናት ለልጆቿ ሐላል ነው ብላ ከገዛችው ጉበት ላይ የተገኘ ክፍያ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ የአንድ ፖለቲከኛ እጮኛን የቤት ዕዳ ይከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። ፍርድ ቤቱ ሥጋው ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚለውን አልመረመረም፤ ሥራውም አይደለም። የዋኤል ጠበቆችም ግብፅ ድርጅቱን የመረጠችው በራሷ ምክንያት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። የተፈረደው በጉቦው ላይ ነው። ሆኖም የሃይማኖት ምስክርነት በፖለቲካ ትከሻ የሚታደል የብቸኝነት ንግድ ሲሆን ምን እንደሚመስል በማስረጃ የተገለጠበት መዝገብ ሌላ ብዙ የለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ፣ «ሐላል» የሚል ተለጣፊ አይታችሁ የምትገዙ ወገኖቻችን፣ ተለጣፊው ላይ ያለው ድርጅት ማን እንደሆነና ወደ ቄራው ማንን እንደሚልክ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የዓባዩ ደብዳቤ

የግድቡ ነገር በክሱ ውስጥ አጭር ቦታ ነው ያለው፤ ለእኛ ግን አጭር አይደለም። ዳራውን እናስታውስ። ከኖቬምበር 2019 እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን በዋሽንግተን ሲደራደሩ ነበር። አደራዳሪው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ስቲቨን ምኑሽን ነበሩ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ኢትዮጵያ በስብሰባው ሳትገኝ ስትቀር ግብፅ ሰነዱን ለብቻዋ በመጀመሪያ ፊደላት ፈረመች፤ ድርድሩም ቆመ።

በክሱ ላይ እንደሰፈረው በማርች 2020 ሴናተሩ ከአንድ የግብፅ ባለሥልጣን ጋር የሚነጋገሩበት አንዱ ጉዳይ ይኸው ግድብ ነበር። በቀጣዩ ወር ለምኑሽንና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማይክ ፖምፔዮ ደብዳቤ ጻፉ፤ ድርድሩ መቆሙ እንዳሳሰባቸውና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይበልጥ እንዲገባበት።

ፍትሐዊ እንሁን። ደብዳቤው ብቻውን ሲነበብ ወንጀል የለበትም። እጁ ንጹሕ የሆነ ሴናተር ቢጽፈው ተራ ሥራ ነበር። በ2020 መገባደጃ የትራምፕ አስተዳደር ከኢትዮጵያ እርዳታ የቀነሰውም በዚህ ደብዳቤ የተነሳ ነው ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ትራምፕ ከካይሮ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ለዚያ በቂ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ጉዳይ ላይ ብዕሩን ያነሳው ሰው፣ ከተደራዳሪዎቹ የአንዱ ወገን ገንዘብ በጓዳው ነበር። የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች ይህን በወቅቱ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ግድቡ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ጉባ ላይ ተመረቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ማንሃታን ውስጥ በናዲን ላይ የአራት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደባት።

ወርቁና ሕጉ

በጁን 2022 የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች የባልና ሚስቱን ቤት ፈተሹ። ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ አገኙ፤ ከፊሉ በፖስታ ታሽጎ በቁም ሳጥን፣ ከፊሉ የሴናተሩ ስም በተጠለፈበት ጃኬት ኪስ ውስጥ። 13 ጥፍጥፍ ወርቅም ነበር። ጋራዡ ውስጥ የቆመችው መርሴዲስ ደግሞ ከሌላ ጉዳይ ጋር የተያያዘች ናት፤ ምርመራ እንዲቆምለት የፈለገ ሌላ ነጋዴ የሰጣት፣ እርሱም ጥፋቱን አምኖ የመሰከረ።

መከላከያው ምን ነበር? ሴናተሩ ቤተሰባቸው ከኩባ ይዞት በመጣው ልማድ ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ወርቁ ደግሞ የሚስታቸው ነው፣ የተቀረው የወዳጅ ስጦታ ነው የሚል። ዐቃቤ ሕግ በወርቁ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ተከትሎ ከየት እንደመጣ አሳየ፤ በፖስታዎቹ ላይ የአንደኛው ነጋዴ አሻራ ተገኘ። ሴናተሩ በስልካቸው የአንድ ኪሎ ወርቅን ዋጋ መፈለጋቸውም ተገለጠ።

«ስጦታ ነው» የሚለው መልስ ለእኛ አዲስ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያ ሲመለስ ገንዘቡን ለሁለት ከፍሎ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው ማለቱ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። ረሱል ሚንበር ላይ ወጥተው ያነሱት ጥያቄ ሰውየው ወላጆቹ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ የሚል ነበር። ክፍል ውስጥ ሪሽዋን ስናስተምር የምንጠቀመው መለኪያ ይኸው ነው፤ የማንሃታኑ ዐቃቤ ሕግም ለጁሪው ያስረዳው ሳያውቀው ወደዚሁ የቀረበ ነገር ነበር።

በሕጉ በኩል አንድ ትምህርት የሚሆን ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይከሰስም። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ፈቃድ አያስፈልግም። ጥበቃው ያለው ለሰውየው ሳይሆን ለሥራው ነው፦ በምክር ቤት ውስጥ የተናገረው፣ ድምፅ የሰጠበትና ሕግ የማውጣት ተግባሩ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም። ዳኛው ሲድኒ ስታይን በዚህ ምክንያት አንዳንድ የወታደራዊ እርዳታ ማስረጃዎችን አግደው ነበር። ፍርዱ ካለፈ በኋላ ከታገዱት ጥቂቱ በስህተት በጁሪው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ መገኘቱን ዐቃቤ ሕግ ራሱ አሳወቀ። ሴናተሩ አዲስ ችሎት ጠየቁ፤ ዳኛው አልተቀበሉም።

ጁላይ 16 ቀን 2024፣ 12 ተራ ዜጎች ያሉበት ጁሪ በ16ቱም ክሶች በአንድ ድምፅ ጥፋተኛ አላቸው። በሥልጣን ላይ እያለ የውጭ መንግሥት ወኪል ሆኖ በመሥራት ጥፋተኛ የተባለ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሴናተር ሆኑ። በኦገስት ወንበራቸውን ለቀቁ። በጃንዋሪ 2025 የ11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ዋኤል ከ8 ዓመት በላይ።

የፓርቲው ነገር

«አሜሪካ ውስጥ ክስ ሁሉ የፓርቲ መበቃቀያ ነው» የሚል አባባል በእኛም ዘንድ ተለምዷል። ይህ መዝገብ ለዚያ አባባል አይመችም። ዴሞክራቱን ሴናተር የከሰሰው በዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ባይደን የተሾመ ዐቃቤ ሕግ ነው። ልቀቁ ብለው መጀመሪያ የጮሁትም የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች፣ የገዛ ግዛታቸው አገረ ገዥ ጭምር ነበሩ። እርግጥ ነው፣ አቋም መያዙ ቀላል ነበር፤ የኒው ጀርሲ ወንበር ከፓርቲው እጅ እንደማይወጣ ይታወቃልና። በኖቬምበር 2024ም ሌላ ዴሞክራት፣ አንዲ ኪም፣ አሸነፉበት።

ከዚያ ወዲህ ግን ነፋሱ ተቀይሯል። የኒውዮርክ ከንቲባ የነበሩት ኤሪክ አዳምስ ከቱርክ ሰዎች ጥቅማ ጥቅም ተቀብለዋል ተብለው በ2024 ቢከሰሱም፣ የትራምፕ የፍትሕ ሚኒስቴር ክሱ እንዲዘጋ ጠየቀ፤ በርካታ ዐቃቤ ሕጎች ይህን አንፈርምም ብለው ሥራ ለቀቁ፤ በኤፕሪል 2025 መዝገቡ ዳግም እንዳይከፈት ሆኖ ተዘጋ። ሜኔንዴዝም ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ለዓመታት ትራምፕን ሲቃወሙ የኖሩት ሰው፣ የ11 ዓመቱ ፍርድ በተነገራቸው ዕለት ከፍርድ ቤቱ ደጅ ቆመው ሥርዓቱ በፖለቲካ ተበላሽቷል፣ ትራምፕ ትክክል ናቸው አሉ። የፌዴራል ወንጀለኛን በአንድ ፊርማ ነጻ የማውጣት ሥልጣን ያለው ፕሬዚዳንቱ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ንግግሩ የተላከው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው። ይግባኛቸው እስኪታይ ከእስር ውጪ ለመቆየት ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ ሆኖ፣ ጁን 17 ቀን 2025 ፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው የፌዴራል ወህኒ ቤት ገቡ።