የትራንስፖንደር ማዞሪያዎችና የማስጠንቀቂያ መብራቶች፦ ማሽኑ ምን ያውቃል? ሰውስ ምን ያያል?



በአቃቂ ቃሊቲ ለምንኖርና ለምንሠራ ሰዎች ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ድምፅ እንግዳ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ ይህንኑ ድምፅ ሰምታ ሳይሆን አይቀርም፣ በትምህርት መካከል እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «የአውሮፕላኑን ማንነት ለራዳር የሚናገረው ትራንስፖንደር ከሆነ፣ አብራሪው እንዲያጠፋው ለምን ተፈቀደለት?» ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ ያልተሟላ ነበር። የዛሬው ንግግሬ የዚያ መልስ ቀሪ ክፍል ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። ተራው ራዳር የሚያየው ነጸብራቅ ብቻ ነው፤ አንድ አካል በሰማይ መኖሩን ቢያውቅም ማንነቱን አይለይም። ሁለተኛው ዓይነት ራዳር ግን ይጠይቃል። ከምድር በ1030 ሜጋኸርዝ ጥያቄ ይላካል፤ ትራንስፖንደሩም በ1090 ሜጋኸርዝ ይመልሳል። በመልሱ ውስጥ ባለአራት አሃዝ መለያ ቁጥርና የአውሮፕላኑ ከፍታ ይገኛሉ። እያንዳንዱ አሃዝ ከ0 እስከ 7 ብቻ ስለሆነ በጠቅላላው 4096 ቁጥሮች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ትርጉም አላቸው፦ 7500 ጠለፋን፣ 7600 የሬዲዮ ግንኙነት መቋረጥን፣ 7700 ሌላ አስቸኳይ ሁኔታን ያመለክታሉ።

ይህ ሁሉ የሚታዘዘው በአብዛኞቹ የመንገደኞች አውሮፕላኖች በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ባለች አነስተኛ ፓነል ነው። አንደኛው ማዞሪያ መሣሪያውን ከ«ስታንድባይ»፣ ማለትም በርቶ ዝም ከሚልበት ሁኔታ፣ ከፍታን ወደ ማሳወቅ፣ ከዚያም «ቲካስ» ወደሚባለው የግጭት መከላከያ ያሸጋግራል። ሌላው ከሁለቱ ትራንስፖንደሮች አንዱን ይመርጣል። በፓነሉ ላይ መሣሪያው ሲበላሽ የምትበራ ትንሽ ቢጫ መብራት አለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይህች መብራት የምትነግረን ብልሽትን ነው። ሰው በእጁ ወደ ስታንድባይ የመለሰው መሣሪያ ግን አልተበላሸም፤ የታዘዘውን እየፈጸመ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልምጣ። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 702፣ ቦይንግ 767 አውሮፕላን፣ 202 ሰዎችን ይዞ ከቦሌ ወደ ሮም ተነሣ። ዋና አብራሪው ወደ መጸዳጃ ቤት በወጣ ጊዜ ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቆለፈ። በሱዳን ሰማይ ላይ ሳሉ ትራንስፖንደሩ 7500 ማስተላለፍ ጀመረ። የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች አጅበውት አውሮፕላኑ ማለዳ ጄኔቫ አረፈ፤ ረዳት አብራሪውም ጥገኝነት ጠየቀ። በማንም ላይ ጉዳት አልደረሰም። ልብ በሉ፤ ዋና አብራሪው ከበሩ ውጭ ነበር። የጠለፋውን ምልክት የላከው የጠላፊው የራሱ እጅ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የተሞላለትን ቁጥር እንጂ የሞላውን ሰው ማንነት አይደለም።

ከ19 ቀናት በኋላ፣ የካቲት 29፣ 239 ሰዎችን የያዘው የማሌዥያ አየር መንገድ በረራ 370 የትራንስፖንደር መልስ ተቋረጠ። በምድር ላለ ተቆጣጣሪ በብልሽት የመጣ ዝምታና በሰው እጅ የመጣ ዝምታ በስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ጉዳይ ነው። መስከረም 19 ቀን 1999 ዓ.ም. በብራዚል አማዞን ሰማይ ላይ የጎል አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሌጋሲ ከተባለ አነስተኛ ጄት ጋር ተጋጨ፤ በቦይንጉ የነበሩት 154 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የሌጋሲው ትራንስፖንደር ከግጭቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ከፍታውን አላስተላለፈም ነበር። የአገሪቱ መርማሪዎች አብራሪዎቹ ሳያውቁት ወደ ስታንድባይ ሳይዛወር እንዳልቀረ ደምድመዋል። በዚህም ምክንያት የሁለቱም አውሮፕላኖች የግጭት መከላከያ አላስጠነቀቀም። ሁኔታው በስክሪን ላይ በትንሽ ጽሑፍ ይታይ ነበር፤ የሚጮህ ድምፅ ግን አልነበረም። መረጃው በዓይናቸው ፊት ነበር፤ አላዩትም።

በእነዚያ አብራሪዎች ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። በወጣትነቴ እዚሁ ቃሊቲ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ፋብሪካ፣ የፈረቃ መሐንዲስ ነበርኩ። የአንድ ፓምፕ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራት በሐሰት እየበራ ስላስቸገረን አንድ ሰው ፕላስተር ለጠፈበት። እኔም አይቼ ዝም አልኩ፤ በመዝገቡም ላይ «ሁሉም ደህና» ብዬ ፈረምኩ። ከሳምንታት በኋላ ሞተሩ ተቃጠለ። ፕላስተሩን ስንልጥ መብራቷ እየበራች ነበር። ሰው ባለመጎዳቱ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ፊርማዬን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ። አብራሪው ትራንስፖንደሩን ማጥፋት የሚችለው ስለሚያስፈልገው ነው። ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጭስ ቢወጣ ኃይሉን ማቋረጥ አለበት። የተሳሳተ ከፍታ የሚናገር ትራንስፖንደር ተቆጣጣሪውንም የሌሎች አውሮፕላኖችን ቲካስም ያሳስታል፤ ስለዚህ ዝም አሰኝቶ ወደ ሁለተኛው መዛወር ግድ ይላል። ማጥፊያውን መቆለፍ አንዱን አደጋ በሌላ መተካት ነው።

ስለዚህ ለንድፍ ሠሪ የሚቀረው ጥያቄ «ሰው ያጥፋው ወይስ አያጥፋው?» የሚለው ሳይሆን «ሲጠፋ ማን ያውቃል? በምን ያህል ፍጥነት?» የሚለው ነው። በአየር ላይ ስታንድባይ ላይ ያለ ትራንስፖንደር እንደ ተራ ማስታወሻ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ መቅረብ አለበት። በሐሰት የሚጮህ ማስጠንቀቂያም ፈጥኖ መጠገን አለበት፤ አለበለዚያ ፕላስተር የሚለጥፍ ሰው አይጠፋም።

ነገ የመቆጣጠሪያ ፓነል የምትነድፉ ተማሪዎቼ፣ መብራቱ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ሌሊት የደከመ ሰው የሚያየው መሆኑን ፈትኑ። ጥያቄውን ለጠየቀችኝ ተማሪም ለትዕግሥቷ ምስጋናዬ ይድረሳት።