«ይችንም ይንቀሉልኝ»

ከሮብ ገበያ ከተማ የመጣች እናት ናት። በግራ በኩል ከታች ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿን በተለያየ ጊዜ ሌላ ቦታ አስነቅላለች፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። አሁን ደግሞ ጣቷን የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ላይ አድርጋ «ዶክተር፣ ይችንም ይንቀሉልኝና ልረፍ» ትለኛለች። ያሳየችኝ ጥርስ አልተቦረቦረም፣ አይነቃነቅም፣ መታ መታ ሳደርገው አያማትም፣ ራጁም ንጹሕ ነው። ከጆሮዋ ፊት ባለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ላይ ጣቴን አሳርፌ አፏን እንድትከፍት ስጠይቃት ግን ከወንበሩ ብድግ ልትል ደረሰች። «እሱ ነው! እሱ ነው!»

ጥርሱን አልነቀልኩም። የእሷ ሕመም በሙቀት፣ በዕረፍትና በመንጋጋ ልምምድ የሚያዝ ነበር። የሚያንገበግበኝ ቀድመው የወጡት ሁለቱ ናቸው። እነሱን የሚመልስላት የለም።

ይህንኑ ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ደግሜ ስሰማ ትዕግሥቴ እያለቀ ነው። «የሚያመኝ እዚህ ስለሆነ በሽታውም እዚሁ ነው» የሚለው እምነት በታማሚው ዘንድ ብቻ ቢቀር ባልከፋ፤ ባለሙያውም ያምነዋል። የጥርስን፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያንና የማኘኪያ ጡንቻዎችን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው አንድ ነርቭ ነው። ጉንጭ ላይ ያለው የማኘኪያ ጡንቻ ሲታመም የኋለኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ያመሙ ይመስላል። ከጆሮ በላይ በራስ ጎን ያለው ጡንቻ ሲወጠር ደግሞ የላይኞቹ ጥርሶች ይጠዘጥዛሉ። መገጣጠሚያው ራሱ ሲቆጣ ሕመሙ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ለወራት የጆሮ ጠብታ ሲያንጠባጥቡ የከረሙ ሰዎችን አይቻለሁ።

ነቀላው ደግሞ የሠራ ይመስላል፤ ስሕተቱን ዕድሜ የሰጠውም ይኸው ነው። ጥርሷ የተነቀለ ሴት ለሳምንት ያህል የሕመም ማስታገሻ ትውጣለች። ቆሎ አትቆረጥም፣ አጥሚትና የሽሮ ፍትፍት ትበላለች፣ አፏን በሰፊው አትከፍትም፣ ጎረቤት ሥራዋን ያግዛታል። ይህ እኮ ለተቆጣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ የምናዘው ሕክምና ነው! መገጣጠሚያው ያርፋል፣ ሕመሙ ይበርዳል፣ ምስጋናው ግን ለጉጠቱ ይሄዳል። ድዷ ድኖ ወደ ቆሎዋና ወደ ሐሳቧ ስትመለስ ሕመሙም ይመለሳል። ያን ጊዜ «ያቺስ ወጥታለች፤ የቀረችው ጎረቤቷ ናት» ተብሎ ሌላዋ ትከሰሳለች። ሕመሙ በባሕርይው አንዴ የሚበረታ አንዴ የሚላላ መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው በጠናበት ቀን ስለሆነ፣ በዚያን ቀን ምንም ብናደርግለት ከዚያ በኋላ ሻል ሊለው ይችላል።

ያመመን ነገር ቆርጦ ወይም ነቅሎ መገላገል በአገራችን የቆየ ነው። የሕፃናት እንጥል ይቆረጣል፤ ገና ያልበቀለ ጥርሳቸው «ግግ» ተብሎ ከድዳቸው ተፈልፍሎ ይወጣል። ይህን ጎጂ ልማድ ብለን እናስተምራለን። እኛው ነጭ ጋወን ለብሰን ጤነኛ መንጋጋ ጥርስ ስንነቅልስ ምን እንባል?

ባልደረቦቼን የምለምነው ውድ መሣሪያ አይደለም። ምክንያቱ በዓይንም በራጅም ያልታየ ሕመም ሲያጋጥም፣ ከጉጠቱ በፊት ከጆሮ ፊት ያለውን መገጣጠሚያና የጉንጩን ጡንቻ በጣት መጫን ነው። ጥርጣሬው ካልጠራ የተከሰሰውን ጥርስ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ አደንዝዞ መጠበቅ ነው። ጥርሱ በደንብ ደንዝዞ ሕመሙ ካልጠፋ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው። መርፌውን ለነቀላ አዘጋጅተነዋልና ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ብቻ ነው የሚቀረን።

በዚህ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የጆሮንና የመንጋጋን ሕመም ከጥርስ መጉደልና ከንክሻ መዛባት ጋር አያያዘው። ማብራሪያው በኋላ ውድቅ ቢሆንም፣ በዚያ አስተሳሰብ የተነሣ ለአሥርት ዓመታት ጤነኛ ጥርስ ሲሞረድና ዘውድ ሲለብስ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቪቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ቴፍሎን ያለበት ሰው ሠራሽ አካል በብዙ ሰዎች መንጋጋ መገጣጠሚያ ውስጥ ተተከለ። ተሰባብሮ በዙሪያው ያለውን አጥንት አስበላው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ተከልክሎ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2023 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም አጥብቆ የመከረው በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ ልምምድን፣ ጡንቻ ማሸትን፣ ጭንቀትን ለመቋቋም የሚረዳ የምክር ሕክምናንና ሕመምተኛውን ማስረዳትን ነው። ብዙ ዋጋ የሚጠየቅበትን ሌሊት ጥርስ ላይ የሚደረግ ፕላስቲክ እንኳ መጀመሪያ የሚያዝ ነገር አላደረገውም። ንክሻን ለዘለቄታው የሚቀይር ፕላስቲክ ደግሞ ጭራሽ እንዳይሠራ ይላል።

ስለዚህ «ስፔሻሊስት ይየኝ» ብሎ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ሰው ቀዶ ጥገና ወይም የተለየ ማሽን ብቻ ከጠበቀ ያዝናል። ጥሩ ስፔሻሊስት ብዙ ጊዜ የሚያዘው በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅን፣ ለጥቂት ሳምንት ከቆሎ፣ ከቋንጣ፣ ከሸንኮራና ከማስቲካ መታቀብን፣ የምላስን ጫፍ ላንቃ ላይ አድርጎ አፍን ቀስ ብሎ የመክፈት ልምምድን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውዬው ሳይበላና ሳይናገር ጥርሶቹን ገጥሞ እንዳይቀመጥ ያስተምረዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአካባቢያችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ አድሮ ጉንጩ ዝሎ የሚነቃ ሰው ቢበዛ አይገርመኝም። መንገድ ሲዘጋ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር ሰው ሁሉንም ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያሳልፈው፤ ለዚያ ጉጠት ምን ይረዳዋል?

«አፌን ስከፍት ቀጭ ይላል» ብለው የሚመጡትን ደግሞ፣ ካላመማቸውና አፋቸው ካልተያዘ፣ ሕክምና አያስፈልጋችሁም ብዬ እመልሳለሁ። ድምፁን ለማጥፋት መገጣጠሚያ መነካካት ትርፍ የለውም።

በዕረፍት የማይታለፍ ነገርም አለ። አፉን መክፈት አቅቶት ገላው እየደረቀ የመጣ፣ በተለይ ቁስል ያለበት ሰው፣ መንጋጋ ቆልፍ እንዳይሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግባ። ዳገት ሲወጣ መንጋጋው እያመመው ቆም ሲል የሚተወው ሽማግሌ መታየት ያለበት ልቡ ነው። አዛግቶ አፉ እንደተከፈተ የቀረ ሰው መገጣጠሚያው ወልቋል። ባለሙያው አውራ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ የታችኞቹ ጥርሶች ላይ ያደርግና ወደ ታች ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በጥንት ግሪኮች የሕክምና ጽሑፍ ሳይቀር የተገለጸ ዘዴ ነው። እየዋለ ሲያድር ጡንቻው ስለሚኮማተር፣ በየወጌሻው ሲዞር ቀናት አያሳልፍ።

የአፍና የፊት ቀዶ ሐኪም በእውነት የሚያስፈልገው ግን በልጆች ላይ ነው። ከበቅሎ ወይም ከዛፍ ወድቆ አገጩ የተሰነጠቀ ልጅ ይመጣል፤ ቁስሉ ይሰፋል፣ ቤቱ ይሄዳል። የምቱ ኃይል ግን ከአገጩ ተነሥቶ ከጆሮው ፊት ያለው መገጣጠሚያ ድረስ ደርሷል፤ እዚያ አጥንት ሊሰበር፣ ደም ሊቋጥር ይችላል። ሳይታወቅ ከቀረ አንዳንዱ ላይ መገጣጠሚያው አጥንት ሠርቶ ይገጥማል። ልጁ ዓመት በዓመት አፉን መክፈት እያቃተው፣ የታችኛው መንጋጋው ሳያድግ ይቀራል። ያን ጊዜ የገጠመውን አጥንት መቁረጥ የግድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመካከሉ ጡንቻ ይገባል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ በማይከፈት አፍ ቱቦ ማሳለፍ ስለማይችል ቀዶ ጥገናው ከመነሻው አስቸጋሪ ነው። ከዚያም ለወራት ልምምድ ካልተደረገ ተመልሶ ይገጥማል።

በጊዜው የታወቀ የልጅ ስብራት ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና፣ አፉን ቶሎ ቶሎ በማንቀሳቀስ ይድናል። በስናንም ሆነ በጎዛምን ወረዳ ጤና ጣቢያ አገጩ ተሰንጥቆ የመጣ ልጅ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት መገጣጠሚያው በሁለቱም ጎን ይዳሰስ። ሦስት የገዛ ጣቶቹ ተደራርበው በፊት ጥርሶቹ መካከል መግባታቸው ይታይና ካርዱ ላይ ይጻፍ። ስፌቱን ለማስፈታት ሲመለስ እንደገና ይለካ፤ የሚገባው ጣት ከቀነሰ በዚያው ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይላክ።